የጎደለችው «ረ»

ነፋስ ሲነሣብን በፑንታ አሬናስ፣
ገመድ ይወጠራል ጎዳናው ጥግ ላይ፣ ሰው እንዳይበተን ቤቱ እስኪደርስ።
እኔ አልወጣም ማታ። ስድሳ ሦስት ሞልቶኛል፤
የጋዝ ምድጃ ዕቃ ሠላሳ ዓመት ሸጬ ጉልበቴ ያመኛል።
ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፌ፣
እገባለሁ ወደ ጠቡ ሰፈር፣ ብርድ ልብሴን ታቅፌ።

በደጄ ዶሚቲላ፣ በዚያ ግን «ኮርቻ የለሽ» ነኝ፤
እሱ «የዛገ ሹካ»፣ ሦስት ክረምት ሙሉ የነዘነዘኝ።
አንዲት ሴትም አለች፣ ሰሜን በረሃ ላይ አውቶቡስ የምትነዳ፣
ሾርባዋን ፎቶ አንሥታ የምትልክልን፣ እንደ ዕዳ።
አንድ ልጅም ነበር፣ ፈተና የፈራ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት «የነቃ ሰው አለ?» ብሎ የሚጣራ።
አለን፣ እንለዋለን። አንጠይቀው ስሙን።
ይለፍ ይውደቅ እንጃ፤ አንድ ሰኞ ጠፋ፣ ይዞብን ድምፁን።

«የዛገ ሹካ» ግን ጠላቴ ነው፤ የምር።
እኛ የተሸነፍን ዕለት ርችት ተኮሰ፤ እነሱ ሲሸነፉ
ኬክ ጋግሬ ፎቶውን ላክሁለት፣ እንዲያርር።
ደግሞ ከሰሌዳው አንዲት ፊደል ሞታበታለች፤
ቢራ ፈስሶባት ይሁን ሾርባ፣ «ረ» ከነቤተሰቧ ጠፍታለች።
«አንቺ ደንቆ» ይለኛል፣ ሊሰድበኝ ሲቸኩል፤
ስድቡ ጥርሱን አውልቆ፣ ድዱን እያሳየ፣ ይመጣል ሲንከባለል።
አንድ ቀን ስለ አበል በተጨቃጨቅንበት፣
«እነዚህ ሌቦች ጡታችንን በሉት!»
ብሎ ጻፈ። ጡረታ ማለቱ ነው። እስኪያስለኝ ስቄ፣
መልሱን ግን ጻፍሁለት በኮስታራ ቃል፣ ሳቄን ደብቄ።

ሐምሌ ነው። የባሕሩ ወሽመጥ እንደ ቆርቆሮ ግራጫ።
ያን ሌሊት ተሰዳደብን፣ ከወትሮው ብሶ፣ ስለ ምርጫ።
«ያንቺ ቢጤ ነው አገ ያጠፋ» አለ፤
«አገርን መጻፍ ሳትችል ልታድናት!» አልሁት፣ ምላሴ እየተሳለ።

ከዚያ ዝም።

ጠበቅሁ፣ ሊመልስ ነው ብዬ የሚያቃጥል ነገር፤
ሦስቱ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣
በር ላይ ቆሞ እንደሚያመነታ ሰው፣ ይግባ ወይስ ይቅር።
በመጨረሻ፦ «ምድጃዬ አልበም።»

አልበም? የምን አልበም? ፎቶ ሊያሳየኝ ነው? ሰክሯል?
ደግሜ አነበብሁት። አልበራም። አልበራም ነው የሚል።
«የልጄ ልጅ እኔ ጋ ናት። ታስላለች። ቤቱ በዶ ሆኗል።
ሌላ ማንም አልነቃም። ስለ ምድጃ አንድ ሰሞን ጽፈሽ ነበ።»

ያን ጊዜ ምን ምርጫ፣ ምን ፓርቲ፣ ምን ሰልፍ!
ከመደርደሪያው ኋላ ሠላሳ ዓመት የቆመችው ሴት ጀመረች መለፍለፍ።
መስኮት ክፈት። ክብሪቱን አርቀው። ይሸታል ወይ ጋዙ?
አይሸትም? ደግ። ክዳኑን ንቀል፤ ሁለት ብሎን አለ፣ ወደ ግራ ነው መጠምዘዙ።
ቀጭን ቱቦ ታያለህ፣ የገብስ አገዳ የምታህል፣ ጫፏ የጠቆረ፤
በጥርስ ብሩሽ ጥረጋት። «በማን ጥስ ብሽ?»
በራስህ! ከእንግዲህ ጥርስህ ምን ቀረ።
አሁን ቁልፉን ተጫን። እስከ ሠላሳ ቁጠር። አትልቀቀው።
እኔም ቆጠርሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ፤
ለማን እንደ ሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ።

«ሰማያዊ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ነገር የለም።
አንድም ፊደል ያልጎደላት ቃል፤
ሳያት ተቀመጥሁ። ቆሜ እንደ ነበር አላወቅሁም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ተመለሰ፣ በዚያው በዛገ ሹካው፦
«ትናንት ያልሽው ሁሉ ግን ስህተት ነው» አለኝ፣ ቃሉን ሳይለካው።
መለስሁለት በአሥራ ሁለት አንቀጽ፣ አንድ ሳላስቀር።
ይቅርታ የሚባል አልተነሣም፤ «ይቅታ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ
ስቅታ መስሎኝ፣ ውኃ ጠጣ ልለው ነበር።

ሌሊቱ ገፍቷል። ነፋሱ የጎረቤትን ቆርቆሮ ይደበድባል።
የአውቶቡሷ ሴት ምስር ልካለች፤ ይጣፍጥ የሚላት ጠፍቶ ቀዝቅዟል።
እሱ ሊወጣ ነው። አንዲት መሥመር ጣለ፣ ከጠባችን መሐል፦
«ልጅቱን ሳሉ ለቋታል።
ደህና እደ።»

«ሪ» አልሁ፣
ለራሴ፣ ለምድጃዬ፣
ስልኩ ከጠፋ በኋላ።